የመኪና መብራትና መንገድ ጠቋሚ እንዴት ተገኙ? በወለጋ መንገዶች ለሚያሽከረክሩ

(የዝግጅቱ መለያ ሙዚቃ)

በነቀምት፣ በጊምቢ፣ በነጆ፣ በሻምቡ፣ በደምቢ ዶሎና በአካባቢው ሆናችሁ መሪ ጨብጣችሁ የምትከታተሉን አሽከርካሪዎች፣ በመናኸሪያ ተራ የምትጠብቁ ረዳቶች፣ በየጋራዡ እጃችሁ ግራሶ የነካ ወጣቶች፣ የዛሬው ዝግጅት በተለይ የእናንተ ነው።

ርዕሳችን በመኪና ላይ ያሉ ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው የፊት መብራት፣ ሁለተኛው መንገድ ጠቋሚ መሣሪያ። ዛሬ ከውጭ የሚገቡ አዳዲስ መኪኖች መብራታቸው በራሱ ጊዜ ከፍና ዝቅ ይላል፤ ሾፌሩ ፊት ለፊት ያለው ስክሪንም «ከ200 ሜትር በኋላ ወደ ቀኝ ታጠፍ» እያለ ይናገራል። እነዚህ ነገሮች ከየት መጡ? ለእኛ መንገድስ ምን ይፈይዳሉ? ዓመተ ምህረት ስጠቅስ የውጭውን «እ.ኤ.አ.» እላለሁ፤ የእኛን ደግሞ «ዓ.ም.» ብዬ እጠራለሁ።

በቅድሚያ መንገዱን እናስብ። ከነቀምት ወደ ጊምቢ የሚሄድ ሰው ዲጋን ይዞ ወደ ዴዴሳ ሸለቆ ይወርዳል። ነቀምት ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ነች፤ የዴዴሳ ድልድይ ያለበት ቆላ ደግሞ ከዚያ በብዙ መቶ ሜትሮች ዝቅ ይላል። ስለዚህ ቁልቁለቱ ረጅም ነው፣ ኩርባውም ብዙ ነው። ክረምት ከሆነ ዝናቡ አለ፣ ጉሙም አለ። ምሽት ላይ ቡና የጫነ ከባድ መኪና ከጊምቢ በኩል ሽቅብ ሲያቃስት፣ ሲሚንቶ የጫነው ደግሞ ከነቀምት ቁልቁል ሲወርድ፣ ሁለቱ ኩርባ ላይ ይገናኛሉ። በዚያች ቅጽበት የሚፈለገው ነገር ሁለት ነው፤ መንገዱን ማየትና ሌላውን ሰው አለማሳወር። የመኪና መብራት ታሪክ በሙሉ እነዚህን ሁለቱን ለማስታረቅ የተደረገ ድካም ነው ብል አልተሳሳትኩም።

አገራችን መኪና ያየችው በ1900 ዓ.ም. ነው። ቤድ ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ሲድሊ የምትባል መኪና ከባሕር ጠረፍ ይዞ በመምጣት ለዳግማዊ አፄ ምኒልክ አቀረበ። በዚያ ጊዜ ነቀምትን የሚያስተዳድሩት ደጃዝማች ኩምሳ ሞረዳ ነበሩ፤ በክርስትና ስማቸው ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር። ግቢያቸው ዛሬም በነቀምት ከተማ ቆሞ ይጎበኛል። ያኔ ከወለጋ ወደ ሸዋ የሚጓዘው ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስና ቡና የሚጫነው በበቅሎና በአህያ ነው። ሲራራ ነጋዴ ሲመሽ ጭነቱን አራግፎ፣ እሳት አንድዶ ያድራል። በጨለማ መሮጥ ከመኪና ጋር የመጣ ችግር ነው።

የመጀመሪያዎቹ መኪኖች ግንባራቸው ላይ የሰቀሉት የፈረስ ሠረገላ ፋኖስ ነበር። ላምባ ወይም ዘይት ይነድበታል፤ ሌላው ሰው መኪናዋን እንዲያያት ይረዳ እንደሆነ እንጂ ለሾፌሩ መንገድ አያሳይም። ከዚያ በኋላ የመጣው የካርባይድ መብራት ነው። አሠራሩን በደንብ ላስረዳችሁ፤ ምክንያቱም እዚሁ ከእኛ ጋራዦች ብዙም አይርቅም። ድንጋይ የሚመስለው ካርባይድ ከታች ባለ ዕቃ ውስጥ ይቀመጣል። ከላይ ካለች ትንሽ የውሃ ማጠራቀሚያ ውሃ ጠብ ጠብ ይልበታል። ውሃው ካርባይዱን ሲነካ አሴቲሊን የሚባል ጋዝ ይወጣል፤ ጋዙ በቀጭን ቱቦ ተጉዞ ወደ ፋኖሱ ይደርሳል። ሾፌሩ መኪናውን አቁሞ ይወርዳል፣ የፋኖሱን መስታወት ይከፍታል፣ ክብሪት ይጭራል። ነበልባሉ ነጭና ደማቅ ነው፤ ንፋስም ዝናብም በቀላሉ አያጠፉትም። ዛሬ በጋራዥ ብረት በጋዝ ሲበየድ የምታዩት ነበልባል ከኦክሲጅን ጋር የተቀላቀለ ይኸው አሴቲሊን ነው። ችግሩ ጣጣው መብዛቱ ነበር። ከተጠቀሙበት በኋላ ዕቃው ውስጥ የቀረውን ኖራ ጠርጎ ማውጣት ያስፈልጋል፤ የነበልባሉ አፍንጫ በጥላሸት ይደፈናል፤ ብርድ አገር ደግሞ ውሃው በረዶ ሆኖ ቁጭ ይላል።

ኤሌክትሪክ ለምን ቶሎ አልመጣም ትሉ ይሆናል። መጥቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1898 በአሜሪካ የተሠራች ኮሎምቢያ የምትባል በባትሪ የምትሄድ መኪና የኤሌክትሪክ የፊት መብራት ነበራት። ነገር ግን የዚያን ጊዜ አምፖል ክሩ ደካማ ነው፤ መንገዱ ኮረኮንች ሲሆን ይበጠሳል። የሚበቃ ኃይል የሚያመነጭ ትንሽ ዲናሞም አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1912 ካዲላክ ቻርልስ ኬተሪንግ የሚባል መሐንዲስ የሠራውን ዘዴ ይዞ ቀረበ፤ ሞተር ማስነሻው፣ ባትሪውና መብራቱ ተያይዘው አንድ ሆኑ። ዛሬ ቁልፍ አዙረን ሞተር የምናስነሳው፣ ማብሪያ ተጭነን የምናበራው በዚያው መሠረት ላይ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ፎርድ ሞዴል ቲ ጥቂት ልበል፤ የድሃው መኪና ስለነበረች። እስከ 1915 እ.ኤ.አ. ድረስ በአሴቲሊን ቆየች፣ ከዚያ ወደ ኤሌክትሪክ ተሻገረች። ነገር ግን መብራቷ ኃይል የሚያገኘው በቀጥታ ከሚሽከረከረው ሞተር ነበር። ሞተሩ ሲፈጥን መብራቱ ይደምቃል፣ ሲዘገይ ይፈዛል። አስቡት፤ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ይዛችሁ፣ ቀስ ብላችሁ ኩርባ ስትገቡ፣ ብርሃን ይበልጥ በምትፈልጉበት ሰዓት መብራቱ ይከዳችኋል።

ብርሃኑ ሲጠነክር ደግሞ ሌላ ችግር መጣ፤ ፊት ለፊት የሚመጣው ሰው ዓይን ይጥበረበር ጀመር። ከጠራራ ፀሐይ ድንገት ጨለማ ጎጆ ውስጥ የገባ ሰው ለጥቂት ጊዜ ምንም እንደማይታየው ሁሉ፣ በረጅም መብራት የተመታ ሾፌርም መኪናው ካለፈ በኋላ ለጥቂት ሰከንድ ዕውር ነው። በ80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 22 ሜትር ይጓዛል። ሦስት ሰከንድ ያላየ ሾፌር 66 ሜትር በጭፍን ነድቷል ማለት ነው። በዚያ 66 ሜትር ውስጥ ከገበያ የምትመለስ እናት ልትኖር ትችላለች፤ ከነአህያዋ።

ስለዚህ መሐንዲሶቹ ብርሃኑን ዝቅ የማድረግ ዘዴ ፍለጋ ገቡ። እ.ኤ.አ. በ1915 በአሜሪካ ወደ ታች የሚያጎነብስ መብራት ተሠራ፤ ግን ሾፌሩ ከመኪናው ወርዶ በእጁ ማጎንበስ ነበረበት። በ1917 ካዲላክ መቀመጫው ላይ ሆኖ የሚጎተት ማንሻ አበጀ። ትልቁ እርምጃ ግን በ1924 ኦስራም የተባለው የጀርመን ድርጅት ያወጣው አምፖል ነው። አንድ አምፖል ውስጥ ሁለት ክር አስገባ፤ አንዱ ለረጅም፣ አንዱ ለአጭር መብራት። ይህ አሳብ ከመቶ ዓመት በኋላም ከእኛ ጋር አለ። በነቀምት ገበያ ከመለዋወጫ ሱቅ «ኤች ፎር» ብላችሁ የምትገዙት አምፖል የዚያ የልጅ ልጅ ነው። ውስጡ ያለው ሃሎጅን ጋዝ ከክሩ እየተነነ የሚወጣውን ብረት መልሶ ወደ ክሩ ያመጣዋል፤ ስለዚህ ክሩ በጣም ቢግልም ዕድሜ ያገኛል። እግረ መንገዴን ለጋራዥ ልጆች አንድ ነገር ላስታውስ፤ የሃሎጅን አምፖል መስታወቱን በባዶ እጅ አትንኩ። የጣት ቅባት የቀረበት ቦታ ከልክ በላይ ይግልና አምፖሉ ያለ ዕድሜው ይሞታል።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ብዙ ሰው ወደማያስተውለው ነገር ልምጣ። አጭር መብራት ቀኝና ግራው እኩል አይደለም። በቀኝ በኩል በሚነዳበት አገር የተሠራ መብራት የቀኙን ዳር ከፍ አድርጎ ያሳያል፤ እግረኛውና ቦዩ ያሉት በዚያ በኩል ነውና። የግራውን ደግሞ ዝቅ ያደርገዋል፤ ፊት ለፊት የሚመጣው ሾፌር ዓይን በዚያ በኩል ነውና። ኢትዮጵያ በግራ መንዳት ትታ ወደ ቀኝ የዞረችው በ1956 ዓ.ም. ነው። በግራ ለሚነዱ አገሮች የተሠራ መኪና መሪው ተቀይሮ ቢመጣና መብራቱ ባይቀየር፣ ያ ከፍ ያለው ብርሃን በቀጥታ የሚወጋው ከፊት የሚመጣውን ሰው ነው። ሾፌሩ «አጭር አድርጌያለሁ እኮ» ይላል፤ እውነቱን ነው፣ አጭር አድርጓል፤ ሌላው ግን አሁንም አይታየውም። በአውሮፓ ደንብ የተሠራ መብራት ከሆነ ከፊቱ ቆማችሁ መስታወቱን ተመልከቱ። ወደ እናንተ ቀኝ የምትጠቁም ትንሽ ቀስት ከተቀረጸችበት፣ ያ መብራት በግራ ለሚነዱ አገሮች የተሠራ ነው። ወደ ሁለቱም ወገን የምትጠቁም ቀስት ከሆነች ለሁለቱም የሚስተካከል ነው። ቀስት ከሌለው ለእንደ እኛ ላለ አገር ነው።

ወደ ኩርባው እንመለስ። ቋሚ መብራት ያለው መኪና በዴዴሳ ቁልቁለት ወደ ግራ ሲታጠፍ ብርሃኑ የሚበራው ገደሉ ላይ ነው፤ መንገዱ ጨለማ ውስጥ ይቀራል። ይህን የተረዱ ሰዎች ቀደም ብለው ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1948 ተከር የምትባል አሜሪካዊት መኪና መሐል ግንባሯ ላይ ሦስተኛ መብራት ነበራት፤ መሪው ሲዞር አብሮ ይዞራል። የተከር ፋብሪካ ብዙም ሳይቆይ ተዘጋ። እ.ኤ.አ. በ1967 ግን የፈረንሳዩ ሲትሮኤን ዲኤስ በተባለችው መኪናው ላይ አሳቡን ከፍጻሜ አደረሰው። የውስጠኞቹ ረጅም መብራቶች በሽቦ ከመሪው ጋር ተያይዘው ሾፌሩ ወደሚያዞርበት ቀድመው ያያሉ። የውጭዎቹ ደግሞ መኪናዋ ወደ ኋላ ብትጫንም ወደ ፊት ብታጎነብስም ቁመታቸውን ያስተካክላሉ። ያለ ኮምፒውተር፣ በሽቦና በማንሻ ብቻ! ይህን ባሰብኩ ቁጥር ለእነዚያ መሐንዲሶች ያለኝ አክብሮት ይጨምራል። የሚገርመው በጊዜው በአሜሪካ ሕግ መብራት መዞር ስለማይፈቀድ፣ ወደዚያ የተላኩት መኪኖች ይህ ዘዴ ተነስቶላቸው ነው የገቡት።

ከዚያ ወዲህ ያለውን ቶሎ ቶሎ ልለፍ። በ1991 እ.ኤ.አ. ቢኤምደብልዩ ዜነን የሚባለውን ነጭ መብራት በትልልቅ መኪኖቹ ላይ አወጣ። በ2007 ሌክሰስ አጭር መብራቱን በኤልኢዲ ያደረገች መኪና አቀረበ። በ2013 ደግሞ አውዲ ኤ8 በአንድ መብራት ውስጥ 25 ትንንሽ ኤልኢዲዎችን ይዞ መጣ። ከመኪናው የፊት መስታወት ጀርባ ካሜራ አለ፤ ከፊት የሚመጣ መኪና ሲያይ ያንን መኪና የሚመቱትን ኤልኢዲዎች ብቻ ያጠፋል፣ የቀሩት ረጅም ሆነው ይቀጥላሉ። መንገዱ ሁሉ እንደበራ፣ የመጣው ሾፌር ብቻ በጥላ ውስጥ ያልፋል። ከ1915 ጀምሮ የተደከመበት ማስታረቅ እዚህ ደረሰ።

የእኛ ጉዳት ያለው ግን በአሮጌውና በአዲሱ መካከል ነው። የድሮውን መብራት ሳይቀይሩ አምፖሉን ብቻ አውጥቶ ኤልኢዲ አምፖል መክተት አሁን የተለመደ ሆኗል። ከአምፖሉ ጀርባ ያለው አንጸባራቂ ሳህን የተሠራው ቀጭኑ ክር በሚቀመጥበት ነጥብ ልክ ነው። ኤልኢዲው በዚያች ነጥብ በትክክል ካልተቀመጠ ብርሃኑ ይበተናል፤ ግማሹ ወደ ዛፍ፣ ግማሹ ወደ ሰው ዓይን ይሄዳል። ሾፌሩ ከፊቱ ያለው አስፋልት ነጭ ስለሆነለት በደንብ ያየ ይመስለዋል፤ ሩቅ ያለውን ግን ከድሮው ያነሰ ነው የሚያየው። በጭነት መኪና ጣራና በፒክአፕ ግንባር ላይ የሚደረደረው ፓውዛማ ከዚህም የባሰ ነው። መኪና ለመኪና በሚተላለፍበት መንገድ ላይ ፓውዛ አብርቶ መሄድ በሰው ሕይወት መቀለድ ነው፤ ለስለስ አድርጌ ልናገረው አልችልም።

መብራት ማስተካከል ብዙ ገንዘብ አያስወጣም። መኪናውን ሜዳ ቦታ ላይ፣ ከግድግዳ 10 ሜትር አርቃችሁ አቁሙ። የጎማው ንፋስ ልክ ይሁን፤ ሾፌሩም ይቀመጥበት። ከመሬት እስከ መብራቱ መሐል ያለውን ቁመት ለክታችሁ ያንኑ ቁመት በጠመኔ ግድግዳው ላይ አስምሩ። አጭር መብራት ስታበሩ የብርሃኑ የላይኛው ጠርዝ ከመስመሩ ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ማለት አለበት፤ በቀኝ በኩል ብቻ ትንሽ ሽቅብ ይላል። ጠርዙ ከመስመሩ በላይ ከሆነ ከመብራቱ ጀርባ ያለውን ማስተካከያ ብሎን አዙሩ። ከ70 ሴንቲ ሜትር ቁመት ተነስቶ በ10 ሜትር 10 ሴንቲ ሜትር የሚወርድ ብርሃን መሬት የሚነካው 70 ሜትር ላይ ነው። እርጥብ አስፋልት ላይ 80 የሚነዳ ሰው በ70 ሜትር ውስጥ መቆም እንደሚከብደው እወቁ፤ ስለዚህ ዝናብ ባለበት ሌሊት ፍጥነቱን መወሰን ያለበት የመብራቱ ርቀት ነው። ከኋላ ቡና የጫነ ፒክአፕ ደግሞ አፍንጫው ሽቅብ ይነሳል፤ አጭሩ መብራት ረጅም ይሆናል። በብዙ መኪኖች ዳሽቦርድ ላይ ከዜሮ እስከ ሦስት የተጻፈባት ትንሽ ማዞሪያ የተሠራችው ለዚህ ነው፤ ጭነት ሲበዛ ቁጥሯን ጨምሩ። ጉም ውስጥ ስትገቡ ደግሞ ረጅሙን አጥፉ። የጉም ጠብታዎች ብርሃኑን መልሰው ወደ እናንተ ይወረውሩታልና ነጭ ግድግዳ እንጂ መንገድ አታዩም።

(አጭር ሙዚቃ)

ወደ ሁለተኛው ጉዳይ እንለፍ፤ መንገድ ጠቋሚ። እዚህም የቆየ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ1909 አካባቢ በአሜሪካ «የጆንስ ሕያው ካርታ» የሚባል መሣሪያ ይሸጥ ነበር። ክብ ወረቀት ላይ መንገዱ ተጽፏል፤ «እዚህ ድልድይ አለ፣ እዚህ ወደ ግራ ታጠፍ» እያለ። ክቡ በኬብል ከመኪናው ጎማ ጋር ተያይዟል፤ ጎማው በተሽከረከረ ቁጥር ክቡም ቀስ እያለ ይዞራል፤ ጠቋሚዋም የደረሳችሁበትን ታሳያለች። ብልህ ሥራ ነው። ግን ሾፌሩ ለምሳ ከመንገድ ወጣ ካለ ወይም አንድ መታጠፊያ ከሳተ፣ መሣሪያው ሳያውቅ በልበ ሙሉነት የተሳሳተውን ይነግረዋል።

እ.ኤ.አ. በ1981 ሆንዳ በጃፓን የመጀመሪያውን የኤሌክትሮኒክስ መንገድ ጠቋሚ መኪና ላይ ገጠመ። ጋይሮስኮፕ የመኪናውን መዞር ይለካል፣ ሌላ መለኪያ ርቀቱን ይቆጥራል፤ ሾፌሩ በስስ ፕላስቲክ ላይ የታተመ ካርታ በትንሽዬ ስክሪን ላይ ያደርጋል። በ1985 በካሊፎርኒያ ኢታክ የተባለ ድርጅት ያመጣው መሣሪያ ግን ይበልጥ ይማርከኛል። ካርታውን በካሴት ቀድቶ ነበር። ኮምፓስና የጎማ መለኪያ ሁልጊዜ ትንሽ ትንሽ ይስታሉ፤ ስህተቱም በኪሎ ሜትሮች ብዛት ይጠራቀማል። የኢታክ ሰዎች ያስተዋሉት ነገር መኪና የሚሄደው በመንገድ ላይ መሆኑን ነው። ስለዚህ ኮምፒውተሩ «መኪናው አሁን ወደ ቀኝ ታጠፈ፤ እዚህ አካባቢ ወደ ቀኝ የሚያስታጥፍ መንገድ ይህ ብቻ ነው፤ እንግዲያው ያለነው እዚህ ነው» ብሎ ስህተቱን ያርማል። ካርታው ራሱ መለኪያ ሆነ። ይህ ዘዴ ዛሬም በየስልካችን ይሠራል፤ ለወለጋም ትርጉሙ ትልቅ ነው፤ ጥቂት ቆይቼ እመለስበታለሁ።

ያሉበትን ቦታ በሳተላይት የሚያሳውቀው ጂፒኤስ የተጀመረው ለጦር ነው። የአሜሪካ መከላከያ በ1973 እ.ኤ.አ. ሥራውን ጀመረ፤ የመጀመሪያዋ ሳተላይት በ1978 ወጣች። መስከረም 1 ቀን 1983 እ.ኤ.አ. አንድ የኮሪያ የመንገደኞች አውሮፕላን ከመስመሩ ስቶ የሶቪየት ክልል ውስጥ ገባና ተመትቶ ወደቀ፤ 269 ሰዎች አለቁ። ከዚያ አደጋ በኋላ ፕሬዚዳንት ሬገን ጂፒኤስ ሥራው ሲጠናቀቅ ለሰላማዊ ሰዎችም ክፍት እንደሚሆን አስታወቁ። በ1990 ማዝዳ በጃፓን ጂፒኤስ አብሮ የተሠራላት መኪና ለገበያ አቀረበ። ይሁንና ለሲቪሎች የሚሰጠው ምልክት ሆን ተብሎ ይዛባ ስለነበር ስህተቱ እስከ 100 ሜትር ይደርስ ነበር። ያ ማዛባት የተነሳው ግንቦት 2 ቀን 2000 እ.ኤ.አ. ነው፤ በእኛ ሚያዝያ 24 ቀን 1992 ዓ.ም.። ዛሬ ታክሲ በስልክ የምንጠራው ያ ቀን ስለነበረ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሳተላይቶቹ 20,200 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ይዞራሉ። እያንዳንዳቸው እጅግ ትክክለኛ ሰዓት ይዘዋል፤ «አሁን ሰዓቱ ይህ ነው፤ እኔም ያለሁት እዚህ ነው» እያሉ ያለማቋረጥ ያስተላልፋሉ። ስልካችሁ ከአራት ሳተላይቶች የመጣውን ምልክት አነጻጽሮ ያላችሁበትን ያሰላል። ምልክቱ የሚጓዘው በብርሃን ፍጥነት ስለሆነ የአንድ ሚሊዮንኛ ሰከንድ ስህተት 300 ሜትር ያስታል። እዚህ ላይ አልበርት አንስታይን ይገባል። ከመሬት ርቆ፣ በፍጥነት የሚዞር ሰዓት መሬት ላይ ካለው ጋር እኩል አይሄድም፤ የሳተላይቶቹ ሰዓት በቀን ወደ 38 ሚሊዮንኛ ሰከንድ ይቀድማል። ይህ ካልታረመ ስህተቱ በአንድ ቀን ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ ይሆናል።

ለአገራችን ልዩ የሆነም ነገር አለ። የምድር ማግኔታዊ ወገብ የሚያልፈው በኢትዮጵያ ላይ ነው። በዚህ ክልል ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ በላይኛው አየር ያለው አዮኖስፌር የተባለው ንብርብር ይናወጣል፤ የሳተላይቱን ምልክትም ያዘገያል፣ አንዳንዴም ያቆራርጣል። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይህንን ያጠናሉ። ስለዚህ ምሽት ላይ ስልካችሁ ያላችሁበትን ቦታ ጥቂት አዛንፎ ቢያሳያችሁ ስልኩ ተበላሽቷል አትበሉ።

አንድ የተሳሳተ እምነትም ላንሳ። ብዙ ሰው ኢንተርኔት ከሌለ ጂፒኤስ አይሠራም ይላል። ይሠራል። ሳተላይቱ ኔትዎርክ አይጠይቅም፤ የሚጠፋው ካርታው ነው። በ2012 ዓ.ም. በወለጋ ዞኖች ስልክና ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደነበር ታስታውሳላችሁ። በዚያ ጊዜ ካርታውን ቀድሞ ስልኩ ላይ ያወረደ ሰው ያለበትን ማወቅ ይችል ነበር፤ ያላወረደው የሚያየው ባዶ ስክሪን ነው። ኔትዎርክ ባለበት ከተማ፣ ዋይፋይ ስታገኙ፣ የምትሄዱበትን አካባቢ ካርታ አውርዳችሁ ያዙ። ከነቀምት በአንገር ጉትን አድርጎ ዓባይን ተሻግሮ ወደ ቡሬ ለሚሄድ ወይም ወደ ደምቢ ዶሎ ለሚዘልቅ ሰው ይህ ቅንጦት አይደለም።

አሁን ወደ ኢታክ አሳብ ልመለስ። መሣሪያው የሚያርመን ካርታው ላይ ባለ መንገድ ነው። ካርታው ላይ የሌለ መንገድ ላይ ስንሆን ወይ ሜዳ ላይ የቆምን ያስመስለናል፣ ወይ በግድ ወደ ሌላ መንገድ ይጎትተናል። በወለጋ ገጠሮች እንዲህ ያለ መንገድ ብዙ ነው። ካርታው ላይ ያሉትም ቢሆኑ ክረምት ከበጋ ተለይቶ አልተጻፈባቸውም። መሣሪያው አቋራጩን ይመርጣል፤ አቋራጩ ደግሞ ሐምሌ ላይ ጭቃ የሚውጠው የበጋ መንገድ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በክረምት ከመሣሪያው በፊት የአካባቢውን ሰው ጠይቁ። «ኦቦ፣ ይህ መንገድ ያስኬዳል?» ብሎ መጠየቅ ኋላ ቀርነት አይደለም፤ ካርታው የማያውቀውን ወንዝ እሳቸው ያውቁታል።

በመንገድና በመሬት ልኬት ለምትሠሩም አንድ ቃል አለኝ። የአገራችን የቆዩ የወረቀት ካርታዎች የተሠሩት «አዲንዳን» በሚባለው ልኬት ነው፤ መነሻው በሱዳንና በግብፅ ድንበር አካባቢ ያለ ነጥብ ነው፤ ልኬቱም በዓባይ ተፋሰስ ጥናት ጊዜ ወደ እኛ ተዘረጋ። ጂፒኤስ የሚጠቀመው ሌላ ነው። ከድሮው ካርታ ላይ ያነበባችሁትን ቁጥር ሳትለውጡ ስልክ ውስጥ ብታስገቡ ከመቶ ሜትር በላይ ትስታላችሁ። ለድልድይ ወይም ለውሃ ጉድጓድ ይህ ትልቅ ስህተት ነው።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ የሚመጡት የኤሌክትሪክ መኪኖች ናቸው፤ አብዛኞቹም ከቻይና። መብራታቸው ኤልኢዲ ነው፤ ስክሪናቸው ሰፊ ነው፤ ቻይና በ2020 እ.ኤ.አ. ያጠናቀቀችውን ቤይዱ የተባለ የራሷን የሳተላይት መረብም ያነብባሉ። መሣሪያው ወደ ነቀምት መድረሱ አይቀርም። የሚጎድለው የነቀምት መንገዶች በካርታው ውስጥ በስማቸው መገኘታቸው ነው።

ይህን ደግሞ ሌላ አገር አይሠራልንም። ኦፕን ስትሪት ማፕ የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ2004 በእንግሊዝ የተጀመረው ነፃ ካርታ፣ ማንም ሰው የሚያውቀውን መንገድ እንዲጨምርበት ክፍት ነው። የወለጋ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሆይ፣ በነቀምትም በጊምቢም በሻምቡም ካምፓሶች ያላችሁ፣ ለዕረፍት ወደየቀያችሁ ስትሄዱ የቀበሌያችሁን መንገድ፣ ጤና ጣቢያውን፣ ድልድዩንና ክረምት የሚዘጋውን መሻገሪያ መዝግቡ፤ በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም ስሙን ጻፉበት። የከተማ አስተዳደሮች ለመንገዶቻችሁ ስም፣ ለቤቶቻችሁ ቁጥር ስጡና ይፋ አድርጉት፤ አምቡላንስ በሌሊት ሲጠራ የሚፈልገው ያንን ነው። ጋራዥ ያላችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ግድግዳችሁ ላይ መስመር አስምሩና ለአገልግሎት የሚመጣን መኪና ሁሉ መብራቱን ለኩለት። አሽከርካሪዎች ደግሞ ዛሬ ማታ ከመነሳታችሁ በፊት መብራታችሁን ፈትሹ፤ ከፊት መኪና ስታዩም ረጅሙን ቀድማችሁ አጥፉ።

በሰላም ግቡ።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)